አንድ በር ያለው ቤት፦ የሞልዶቫ ኢኮኖሚና የውጭ ንግድ



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ የወንዝ ዳርቻ ልጀምር። ታላቁ የዳኑብ ወንዝ አውሮፓን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ጥቁር ባሕር ለመግባት 134 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ጁርጁሌሽቲ በምትባል መንደር ጥግ ያልፋል። በአንድ ወገን ሩማንያ፣ በሌላው ወገን ዩክሬን አለች። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ዳርቻ የሞልዶቫ ነው። ረጋ ብሎ የሚራመድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰባት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ይህችኑ ለማሟላት እንኳ ከዩክሬን ጋር መሬት መለዋወጥ አስፈልጓታል። በ2006 የነዳጅ ማራገፊያ፣ በ2009 ደግሞ የእህል መጫኛ ተሠራባት። ዛሬ የባሕር መርከብ በወንዙ ሽቅብ መጥቶ እዚያ ይቆማል፤ ነዳጅ ያራግፋል፣ እህል ይጭናል። ሞልዶቫ ወደ ባሕር የምትወጣበት የራሷ በር ይኸው ብቻ ነው።

በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚች አገር ላወራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ስለምታስተምር ነው። የትንሽ አገር ኢኮኖሚ ፈተና የሚበረታው መውጫው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ሸቀጥ የሚገዛት አንድ፣ ጋዝ የሚሸጥላት አንድ፣ የውጭ ምንዛሪ የሚመጣላት ከአንድ ምንጭ ከሆነ፣ የዚያን በር ቁልፍ የያዘው የቤቱ ጌታ ይሆናል። ሞልዶቫ ነፃነቷን ካወጀችበት ከነሐሴ 1991 ወዲህ ያሳለፈችው ዘመን እንዲህ ያሉ በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉባት፣ እሷም በየጊዜው ሌላ በር ለመክፈት ስትታገል የሚታይበት ታሪክ ነው።

መሬቱና ውርሱ

የሞልዶቫ ስፋት 33,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምዕራብ የፕሩት ወንዝ ከሩማንያ ይለያታል፤ በምሥራቅ ድኒስተር ይፈስሳል። ያላት ትልቁ ሀብት አፈሯ ነው። ከመሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቼርኖዜም በሚባለው፣ በዓለም ላይ እጅግ ለም ከሚባሉት አፈሮች አንዱ በሆነው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። ወይን፣ ፖም፣ ፕለም፣ ዋልነት፣ ስንዴ፣ በቆሎና የሱፍ አበባ ይበቅልበታል። ነዳጅ ዘይት የላትም፤ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ይህ ነው የሚባል የብረት ማዕድንም የላትም።

በሶቪየት ኅብረት ዘመን ሥራው በማዕከል ተከፋፍሎ ነበር። ሞልዶቫ የኅብረቱ የአትክልት ጓሮ ሆነች። ወይን ጠጁ፣ የታሸገ አትክልቱ፣ ትምባሆው ወደ ሞስኮና ወደ ሌኒንግራድ ይሄዳል፤ ጋዙ፣ ብረቱና ማሽኑ ከሌሎቹ ሪፐብሊኮች ይመጣል። ዋጋውን የሚወስነው ዕቅድ አውጪው እንጂ ገበያው አልነበረም። ያ ኅብረት በ1991 ሲፈርስ የአንዱ ሪፐብሊክ ፋብሪካ ከሌላው ጋር የታሰረበት ገመድ ሁሉ አብሮ ተበጠሰ። የሞልዶቫ ኢኮኖሚ በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። እንዲህ ያለ ውድቀት የደረሰባቸው አገሮች ብዙ አይደሉም።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። ከድኒስተር ወዲያ ያለው ጠባብ መሬት፣ ትራንስኒስትሪያ የሚባለው፣ በ1990 ራሱን ገንጥሎ በ1992 ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተዋጋ። ተኩሱ በዚያው ዓመት ሐምሌ ቆመ፤ ክፍፍሉ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። ሶቪየቶች ከባዱን ኢንዱስትሪ ያቋቋሙት በዚያው ወገን ነበር። የሪብኒጻ የብረት ፋብሪካና የኩቹርጋን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እዚያ ቀሩ። ለዋና ከተማዋ ለኪሺናው የተረፉት እርሻው፣ የወይን ጠጅ ጓዳዎቹና የምግብ ፋብሪካዎቹ ነበሩ ማለት ይቻላል።

መንግሥት በኅዳር 1993 ሌው የተባለውን የራሱን ገንዘብ አወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የኅብረት እርሻዎቹን መሬት ለገበሬዎች አከፋፈለ። ፍትሐዊ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው የደረሰው አንድ ሄክታር ተኩል ያህል፣ እሱም በሦስትና በአራት ቦታ የተበጣጠሰ ሆነ። ትራክተር በማይገዛ፣ የባንክ ብድር በማያስገኝ ቁራሽ መሬት ላይ ለውጭ ገበያ ማምረት ከባድ ነው። ብዙ ወጣት መሬቱን ለአክስቱ ወይም ለጎረቤቱ አከራይቶ የሄደው ለዚህ ነው።

ሁለት ጊዜ የተዘጋው ጓዳ

ከኪሺናው ወጣ ብሎ ከመሬት በታች የሚሄድ ሌላ ከተማ አለ። ለቤት መሥሪያ ተብሎ የኖራ ድንጋይ ሲፈለጥ የተቦረቦረው ዋሻ የወይን ጠጅ ጓዳ ሆኗል። ሚሌሽቲ ሚች የሚባለው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ አለው፤ ጥቅም ላይ የዋለው 55 ኪሎ ሜትር ያህሉ ነው። በ2005 በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ላይ በዓለም ትልቁ የወይን ጠጅ ክምችት ተብሎ ሰፈረ፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ጠርሙስ በላይ ነበር። ጎብኚው ውስጡን የሚያየው በመኪና ነው። መንገዶቹ በወይን ዝርያዎች ስም ተሰይመዋል።

ይህ ሁሉ ጠርሙስ ይሸጥ የነበረው ለማን ነው? በ2005 ከሞልዶቫ ወደ ውጭ ከሚላከው ወይን ጠጅ አምስት እጅ ቢባል አራቱ እጅ የሚሄደው ወደ ሩሲያ ነበር። ገበያው የታወቀ፣ ቋንቋው የጋራ፣ ጣዕሙ የተለመደ ነው። ሩሲያዊው ገዢ ጣፋጭና ርካሽ ወይን ይወዳል፤ አምራቹም ያንኑ ያቀርባል። ጥራት ማሻሻል ገንዘብ ያስወጣል፤ ያለ ጥራትም ገዢ ካለ ማን ይደክማል?

በመጋቢት 2006 የሩሲያ የጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሞልዶቫና በጆርጂያ ወይን ጠጅ ውስጥ ፀረ ተባይ መድኃኒትና ከባድ ብረት ተገኝቷል ብሎ ገበያውን ዘጋ። ጊዜው ኪሺናው ከሞስኮ ጋር በትራንስኒስትሪያ ጉዳይ የተቃቃረችበት ነበርና የፖለቲካውን እጅ ያላየ ሰው አልነበረም። ጠርሙሱ በመጋዘን ተከመረ። የወይን ጠጅ ፋብሪካው ለገበሬው መክፈል አቃተው፤ በመኸሩ የተለቀመው ወይን ገዢ አጣ። እገዳው የተነሣው በ2007 መጨረሻ ላይ ነው።

«ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ» ይላል የአገራችን ሰው። በመስከረም 2013 ሞልዶቫ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የትብብር ስምምነት ልትፈርም ስትዘጋጅ ሩሲያ ወይኑን እንደገና አገደች። በሐምሌ 2014 ደግሞ፣ ስምምነቱ ሰኔ 27 ቀን በተፈረመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ፖሙና ፕለሙ ታገደ። በዚያ ዓመት ፖም የለቀመ ገበሬ ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም። ዛፍ እንደ ስንዴ አይደለም፤ ገበያ ጠፋ ብለህ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አትዘራበትም።

ነገር ግን በሁለተኛው ንድፊያ ጊዜ ሞልዶቫ እንደ መጀመሪያው እጇን አጣጥፋ አልተያዘችም። ከ2006 በኋላ የወይን ጠጅ አምራቾቹ ተምረዋል። አሮጌው የወይን ተክል እየተነቀለ የተሻለ ዝርያ ተተከለ፤ በጅምላ በበርሜል መሸጥ ቀንሶ በጠርሙስና በስም መሸጥ ጨመረ። በ2013 የወይንና የወይን ጠጅ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። መንግሥትና አምራቾች ገንዘብ አዋጥተው ለመላው የአገሪቱ ወይን አንድ የጋራ መለያ አወጡለት። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2014 ጀምሮ ገበያውን ለሞልዶቫ ወይን ያለ ቀረጥ ከፈተ። ዛሬ የሞልዶቫ ወይን ጠጅ ሩማንያ፣ ፖላንድ፣ ቼክና ቻይና ይሸጣል፤ የሩሲያ ድርሻ ከቁጥር የማይገባ ሆኗል። እባቡ የነደፈው እጅ ድኗል ማለት ይቻላል። ጠባሳው ግን ቀርቷል፤ በመካከሉ የከሰሩትም ገበሬዎች አልተመለሱም።

ሰው ወደ ውጭ ሲላክ

በ1998 የሩሲያ ሩብል ሲወድቅ የሞልዶቫ የወጪ ንግድ አብሮ ወደቀ፤ ያን ጊዜ ከግማሽ በላዩ የሚሄደው ወደ ሩሲያ ነበርና። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ከሁሉ በላይ ወደ ውጭ የላከችው ሰዎቿን ነው። ወንዶቹ ሞስኮ ሄደው ሕንፃ ገነቡ። ሴቶቹ በብዛት ኢጣሊያ ገብተው አረጋውያንን አጠቡ፣ አበሉ፣ አስታመሙ። ይህን ሥራ ከእኛ መካከል የሚያውቁት አሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ እህቶቻችን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሮማና በሚላኖ ቤቶች ውስጥ ሠርተዋል፤ ዛሬም ብዙዎች በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ይሠራሉ። ስለዚህ የሞልዶቫዋ እናት በየወሩ የምትልከው ሐዋላ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ2006 አካባቢ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ ሦስተኛውን ይጠጋ ነበር። በዓለም ላይ በሐዋላ ላይ ይህን ያህል የተደገፉ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኋላ ላይ ድርሻው በብዙ ቀንሷል፤ ቢሆንም ዛሬም ከትልልቆቹ የገቢ ምንጮች አንዱ ነው።

ሐዋላ ቤተሰብን ከድህነት ያወጣል። ጣሪያ ይቀይራል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ሕመምተኛ ያሳክማል። በአገር ኢኮኖሚ ላይ ግን ሁለት ነገር ይሠራል፤ ይህንን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የውጭ ምንዛሪው ሲበዛ የአገሩ ገንዘብ ይጠነክራል። ሌው ሲጠነክር ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ይረክሳል፤ ወደ ውጭ የሚላከው የሞልዶቫ ሸቀጥ ግን ለባዕድ ገዢ ይወደዳል። ስለዚህ ሰው በመላክ የተገኘው ገንዘብ ሸቀጥ መላክን ያዳክማል። ሁለተኛ፣ መንግሥት ከገቢ ዕቃ በሚሰበስበው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይኖራል። ሰዎች ሄዱ፣ ገንዘብ ላኩ፣ ቤተሰቡ የውጭ ዕቃ ገዛ፣ መንግሥት ታክሱን ሰበሰበ። ክቡ እየዞረ እስከቀጠለ ድረስ ፋብሪካ ለመገንባት የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የንግድ ሚዛኑን ብታዩ ይህ ሁሉ በቁጥር ይታያል። በ2023 ሞልዶቫ ወደ ውጭ የላከችው ሸቀጥ 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ከውጭ ያስገባችው ከ8 ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ነው። አንድ ብር ሸጠህ ሁለት ብር መግዛት ማለት ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ሐዋላው፣ የአገልግሎት ሽያጩ፣ ብድሩና ዕርዳታው ነው።

ዋጋው ደግሞ በገንዘብ ብቻ የሚከፈል አይደለም። በ1989 ትራንስኒስትሪያን ጨምሮ ሞልዶቫ 4.3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። በ2024ቱ ቆጠራ ከድኒስተር ወዲህ ያለው ሕዝብ 2.4 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች የሩማንያ ፓስፖርት አውጥተዋልና በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በፈለጉት አገር መሥራት ይችላሉ። በየመንደሩ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር ያድጋሉ፤ እናትን የሚያውቋት በስልክ ነው። አንድ አገር የወጪ ንግዷን ስታሰላ ይህ በየትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም፤ እኔ ግን ከሁሉ የከበደው ወጪ እሱ ይመስለኛል።

ጋዝና መብራት

ሦስተኛው በር የኃይል በር ነው፤ አሠራሩም ለአድማጭ ግር የሚል ነው። ሞልዶቫ ለሠላሳ ዓመት ጋዝ የገዛችው ከአንድ ሻጭ፣ ከሩሲያው ጋዝፕሮም ነበር። ጋዙ ወደ ትራንስኒስትሪያም ይገባ ነበር። እዚያ ያለው አስተዳደር ግን ሒሳቡን አይከፍልም ነበር፤ ዕዳው ይጠራቀም ነበር። በነፃ በተገኘው ጋዝ የኩቹርጋን ማመንጫ ኤሌክትሪክ ያመርት፣ ኤሌክትሪኩን ለኪሺናው በርካሽ ይሸጥ፣ በሽያጩ ገንዘብም የትራንስኒስትሪያ አስተዳደር በጀቱን ይሸፍን ነበር። ኪሺናውም ከሚያስፈልጋት መብራት አብዛኛውን፣ እስከ 80 በመቶ ያህሉን፣ ከዚያ ታገኝ ነበር። እንዲህ ሆኖ አገሪቱ በየቀኑ መብራት ባበራች ቁጥር የተነጠቀችውን መሬት አስተዳደር ትደጉም ነበር። ርካሽ ነውና ማንም ሌላ መስመር ለመዘርጋት አልቸኮለም።

በ2021 ጥቅምት የጋዝ ውሉ ሲያበቃ ዋጋው በብዙ ናረ፤ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። በዚያው ወር ሞልዶቫ ከጋዝፕሮም ውጭ ከሌላ ሻጭ፣ ከፖላንድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዝ ገዛች። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። ብዙ ሸቀጥ የሚመጣበት የዩክሬኑ የኦዴሳ ወደብ ተዘጋ። መቶ ሺዎች ስደተኞች ድንበር ተሻገሩ። በኅዳር የሩሲያ ሚሳይሎች የዩክሬንን የመብራት መስመር ሲመቱ ሞልዶቫም አብራ ጨለመች፤ መስመሩ ተያይዟልና። የዋጋ ንረቱ በጥቅምት 2022 ወደ 35 በመቶ ገደማ ወጣ።

አሁን ወደ ትንሿ ዳርቻ እንመለስ። ኦዴሳ በተዘጋበት ጊዜ ያቺ የሰባት ደቂቃ መንገድ የአገሪቱ እስትንፋስ ሆነች። ነዳጁ በዚያ ገባ፤ እህሉም በዚያ ወጣ። ችግሩ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ወደብ ስለነበር ደረሰላቸው። ከሩማንያዋ ከተማ ከያሺ እስከ ሞልዶቫዋ ኡንጌኒ በ2014 የተዘረጋውና ኋላ እስከ ኪሺናው የቀጠለው የጋዝ ቧንቧም እንዲሁ ነው። ሲዘረጋ ጋዙ ከሩሲያው ይወደዳል፣ ማን ይጠቀምበታል ተብሎ ነበር። በመጋቢት 2022 ደግሞ ሞልዶቫና ዩክሬን የመብራት መረባቸውን ከአውሮፓው መረብ ጋር በጥድፊያ አገናኙ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከድኒስተር ወዲህ ያለው ሕዝብ የሚጠቀመው ጋዝ ከአውሮፓ ገበያ የሚገዛ ሆኗል።

የመጨረሻው ፈተና የመጣው ጥር 1 ቀን 2025 ነው። በዩክሬን በኩል የሚያልፈው የሩሲያ ጋዝ ውል አበቃ፤ ጋዝፕሮምም ዕዳ አለባችሁ ብሎ አቅርቦቱን አቆመ። በዚህ ጊዜ በብርድ የተቀጣው በሩሲያ የሚደገፈው የትራንስኒስትሪያ ሕዝብ ነበር፤ ማሞቂያው ጠፋ፣ ፋብሪካው ቆመ። ኪሺናው ከሩማንያ መብራት ገዝታ አለፈችው፤ ዋጋው ግን በየቤቱ ከባድ ሸክም ሆነ። ነፃነት የራሱ ሒሳብ አለው፤ ሒሳቡም በየወሩ ይመጣል።

ከውስጥ የተሰበረው በር

ክቡራትና ክቡራን፣ ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ሰው ላይ ብጥል እውነቱን አልነገርኳችሁም። በ2014 መጨረሻ ከሦስት የሞልዶቫ ባንኮች አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶ ጠፋ። ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት አንድ ስምንተኛ የሚያህል ገንዘብ ነው። ብድር እየተባለ እርስ በርስ በተሳሰሩ ኩባንያዎች በኩል ከአገር ወጣ። ብሔራዊ ባንኩ ሦስቱን ባንኮች እንዳይወድቁ በድንገተኛ ብድር ደገፈ፤ መንግሥት ዋስ ሆነ፤ በ2016 ዕዳው በመንግሥት ቦንድ ተቀይሮ እስከ 2041 ድረስ እንዲከፈል ተወሰነ። በተሰረቀበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ የ27 ዓመት ጎልማሳ ይሆናል።

ሌው ወደቀ፣ ወለዱ ናረ፣ በ2015 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ይህን ያነሣሁት ከንግዱ ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ ነው። በአውሮፓ በኩል የተከፈተው አዲስ ገበያ ካፒታል ይፈልግ ነበር፤ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ መለያ ማሽን፣ ላቦራቶሪ። ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ሰዓት ባንኩ ባዶ ነበር። ውጫዊው በር ሲከፈት ውስጣዊው በር ተሰበረ ማለት ይኸው ነው።

የአውሮፓው በር ምን ይጠይቃል

ከመስከረም 2014 ጀምሮ በሞልዶቫና በአውሮፓ ኅብረት መካከል ጥልቅና ሁለገብ ነፃ የንግድ ቀጠና ተግባራዊ ሆኗል። «ጥልቅ» የሚለው ቃል ትርጉም አለው። ቀረጥ ማንሣት ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው የምግብ ደኅንነቱ፣ የዕቃ ደረጃው፣ የጉምሩክ አሠራሩ፣ የውድድር ሕጉ ሁሉ ከአውሮፓው ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው። አንድ የሞልዶቫ ፕለም ጀርመን ሱቅ ለመድረስ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ፣ መቼ ምን መድኃኒት እንደተረጨ፣ በስንት ዲግሪ እንደተጓዘ በወረቀት መመስከር አለበት። ትልቁ እርሻ ይህን ይችላል። በሁለት ሄክታር ላይ ያለው ገበሬ ካልተደራጀ አይችልም።

በዚያ ላይ እንደ ፕለም፣ ፖም፣ የገበታ ወይን፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ያሉ ምርቶች ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኮታ ተገድበው ነበር፤ የአውሮፓ ገበሬዎችም የሚፈሩት ነገር ነበራቸውና። ኮታው የላላው ጦርነቱ የምሥራቁን ገበያ ከዘጋ በኋላ፣ ከ2022 ጀምሮ ነው።

ቢሆንም ለውጡ ትልቅ ነው። በ1990ዎቹ ከሞልዶቫ የወጪ ንግድ ከግማሽ በላዩ ወደ ሩሲያ ይሄድ ነበር። በ2023 ወደ አውሮፓ ኅብረት የሄደው 65 በመቶ ያህል ሲሆን የሩሲያ ድርሻ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ቀዳሚዋ ገዢ ጎረቤቷ ሩማንያ ናት። የትራንስኒስትሪያ ፋብሪካዎች እንኳ በኪሺናው ተመዝግበው ከምርታቸው ብዙውን ለአውሮፓ ይሸጣሉ። መሪዎቹ ያልተስማሙበትን መንገድ ነጋዴው ሄዶበታል።

የሚላከውም ዓይነት ተቀይሯል። በሰሜን በምትገኘው በበልጺ ከተማ አንድ የጀርመን ኩባንያ ድሬክስልማየር በ2007 የመኪና ሽቦ ማገጣጠሚያ ከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በመኪና ውስጥ መብራቱን፣ ሞተሩንና መስኮቱን የሚያገናኙትን ሽቦዎች በእጅ እየደረደሩ የሚያስሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከአገሪቱ ዋና ዋና የወጪ ሸቀጦች አንዱ ነው። ለሥራ ኢጣሊያ ትሄድ የነበረች ሴት ከተማዋ ውስጥ ደመወዝ አገኘች ማለት ነው። ግን መዳቡና ማያያዣው ከውጭ ይመጣል፤ ሞልዶቫ የምትጨምረው ጉልበቷን ነው። ደመወዝ የሚረክስበት ሌላ አገር ከተገኘ ወይም የአውሮፓ መኪና ገበያ ከቀዘቀዘ ሥራው ይሳሳል።

ከሽቦው ይልቅ ተስፋ የምጥልበት ሌላ ዘርፍ አለ። ከጥር 2018 ጀምሮ በሶፍትዌር ሥራ ላይ የተሰማሩ ኩባንያዎች ሁሉንም ግብር ጠቅልለው ከሽያጫቸው 7 በመቶ ብቻ የሚከፍሉበት የቴክኖሎጂ ፓርክ ተቋቁሟል። ፓርኩ አጥር የለውም፤ ኩባንያው በሕግ ይመዘገባል እንጂ ቦታ አይቀይርም። ከ1,000 በላይ ኩባንያዎች ገብተውበታል። ኮድ በጉምሩክ አያልፍም፤ በማንም ወደብ አይታገድም። ባሕር ለሌላት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዲሱ በርስ ብቸኛ በር አይሆንም?

እዚህ ላይ አስተዋይ አድማጭ ይጠይቀኛል፦ ትናንት ከግማሽ በላዩ ወደ ሩሲያ፣ ዛሬ ሁለት ሦስተኛው ወደ አውሮፓ ከሆነ፣ በሩ ተቀየረ እንጂ መቼ በዛ? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኔም ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

መልሴ በከፊል ነው። የአውሮፓው ገበያ 27 አገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ሊሞቅ ይችላል። ከዚያ በላይ ግን በሩ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ሥርዓት ይለያል። በ2006 ገበያውን ለመዝጋት የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በቃ፤ የሚከራከሩበት ፍርድ ቤት አልነበረም። በአውሮፓ በኩል ደንቡ የተጻፈ ነው፤ ከባድ ቢሆንም ለሁሉም አንድ ነው፤ ሲጣስ አቤት የሚባልበት ቦታ አለው። በአንዱ በር የምትለማመጠው ሰውን ነው፤ በሌላው የምታሟላው መመዘኛን ነው። መመዘኛ ያሟላ ፕለም ደግሞ ጀርመን ባይገዛው ዱባይ ይገዛዋል፤ ጥራቱ ከገበሬው ጋር ይቀራልና።

ቢሆንም አደጋው አለ። የሚላከው ምርት ግማሽ ጎኑ አሁንም ከዝናብ ጋር የታሰረ ነው። በ2007፣ በ2012፣ በ2020 እና በ2022 ድርቅ ሲመታ የወጪ ንግዱም አብሮ ተመታ። መስኖው ጥቂት ነው። አዲስ ገዢ ማግኘት ብቻውን ደረቅ መሬትን አያጠጣም።

ሕዝቡም በዚህ ጥያቄ ላይ ተከፍሏል። ሞልዶቫ በሰኔ 2022 የአውሮፓ ኅብረት ዕጩ አባል ሆናለች፤ ድርድሩ በሰኔ 2024 ተጀምሯል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 20 ቀን የአባልነት ግቡ በሕገ መንግሥቱ ይግባ ወይስ አይግባ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ «ይግባ» ያለው 50.35 በመቶ ነው። በአገር ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ አብዛኛው «አይግባ» ነበር። ሚዛኑን የደፉት በውጭ የሚኖሩት ናቸው። እነዚያ በ1998 እና ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥተው የተሰደዱት፣ ሐዋላ ሲልኩ የኖሩት፣ የአገራቸውን መንገድ በጠባብ ልዩነት ወሰኑ። ብዙዎቹ በሚኖሩበት አገር ወረፋ ይዘው ድምፅ ሲሰጡ ልጆቻቸው የሚመለሱበት አገር እንዲኖር መፈለጋቸው ይመስለኛል።

እኛ ኢትዮጵያውያንም የባሕር ጠረፍ የሌለን ነን፤ ቡና የምንሸጥ፣ ሐዋላ የምንጠብቅ፣ የዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ስንደራደር የኖርን ነን። ሞልዶቫ ያን ድርጅት የገባችው በ2001 ነው። ስፋታችንም ታሪካችንም የተለያየ ስለሆነ የእሷን መንገድ እንቅዳ አልልም። አንድ ነገር ግን ይዤ እወጣለሁ፤ እናንተም ይዛችሁ ብትወጡ ደስ ይለኛል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሞልዶቫን ካዳኗት ነገሮች ብዙዎቹ፣ ጁርጁሌሽቲ ላይ ያለው ወደብ፣ ከያሺ የመጣው ቧንቧ፣ ከ2006 በኋላ የተተከለው አዲስ ወይን፣ የተሠሩት ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሲሠሩ ትርፍ የማያስገኙ ይመስሉ ነበር። ሩሲያ ወይኑን እየገዛች ሳለች ሌላ ገዢ መፈለግ ሞኝነት መሰለ፤ ርካሽ ጋዝ እያለ ውድ ቧንቧ መዘርጋት ብክነት መሰለ። ሁለተኛውን በር ለመሥራት ጊዜ የሚገኘው የመጀመሪያው ክፍት ሆኖ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አስፈላጊነቱን አያይም። የኢኮኖሚ አስተዳደር ጥበብ ከባዱ ክፍል ይህ ይመስለኛል።

ዛሬ ማታ ጁርጁሌሽቲ ላይ አንድ መርከብ ቆሞ ይሆናል። ዳርቻው ጠባብ ስለሆነ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ግን ይጫናል፤ ይወጣል።